ገንዘብ ተከፍሎበት የሚነበብ ማስታወቂያ፦ «ማርቭል ኤጅ»ን መልሶ ማንበብ

ምንድን ነው?

እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ አሮጌ ኮሚክ ከሚሸጡት ሱቆች ገብቶ ርካሹን ሣጥን ያገላበጠ ሰው «ማርቭል ኤጅ» የሚል ስስ መጽሔት ሊያጋጥመው ይችላል። መጠኑ እንደ ሌላው ኮሚክ ነው። ጀግናው ወንጀለኛ የሚያሳድድበት ታሪክ ግን ፍሬ ነገሩ አይደለም። ያለው በሚቀጥሉት ወራት የሚወጡት ኮሚኮች ዝርዝር፣ ከደራሲዎችና ከሠዓሊዎች ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ፣ እንዲሁም ቀልድ ነው። አሳታሚው ማርቭል፣ የሚወራውም ስለ ማርቭል! የመጀመሪያው ቁጥር የሚያዝያ 1983 ሲሆን ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር፤ 140 ቁጥር ደርሶ በ1994 ቆመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ወረቀት ሲያዩ «ማስታወቂያ ነው፤ ምን ይታመናል?» ይላሉ። ስለ ዕቃው ጥራት አይታመንም፤ እውነት ነው። ሻጩ በዚያ ወር ምን መሸጥ እንደፈለገ፣ ገዢውን ማን ብሎ እንዳሰበውና ምን ቃል እንደገባለት ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። አሮጌ ማስታወቂያ የሚነበበው ለዚህ ነው።

አድናቂው ለምን አስቀድሞ ማወቅ አስፈለገው?

እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኮሚክ የሚሸጠው በጋዜጣ መሸጫዎችና በመድኃኒት ቤት መደርደሪያዎች ነበር። ያልተሸጠው ስለሚመለስ ኪሳራው የአሳታሚው ነው። ፊል ሱሊንግ የተባለ የብሩክሊን መምህር (አዎ፣ የእንግሊዝኛ መምህር) ከአሳታሚዎቹ ጋር ሌላ ዓይነት ውል ተዋዋለ፦ ባለሱቁ በተሻለ ቅናሽ ይገዛል፣ ያልተሸጠው ግን አይመለስም። ውሉ ኪሳራውን ከአሳታሚው ጫንቃ አውርዶ ባለሱቁ ላይ ጫነው። በ1981 ማርቭል የ«ዳዝለር»ን ቁጥር 1 ለኮሚክ ሱቆች ብቻ ሲያቀርብ ከ400 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ የአዲሱ ገበያ ጉልበትም ለሁሉም ታየ።

እንግዲህ ባለሱቁ ገና ያላየውን መጽሐፍ ከወራት በፊት ማዘዝ አለበት። ስንት ይዘዝ? ደንበኛው ቀድሞ መጥቶ «ያ ነገር መቼ ነው የሚወጣው?» ብሎ ካልጠየቀው በግምት ነው የሚያዘው። «ማርቭል ኤጅ» ያንን ጥያቄ በደንበኛው አፍ ላይ የሚያኖር መሣሪያ ነበር። የዋጋው ማነስም ከዚህ አንጻር ቢታይ አይገርምም።

ቁጥር 12 እና ጥቁሩ ልብስ

ሽፋኑ መጋቢት 1984 ይላል። ይህን ቀን እንዳለ አትውሰዱት። የአሜሪካ ኮሚክ ሽፋን ላይ የሚታተመው ወር መጽሔቱ ገበያ ከዋለበት ወር ሁለት ሦስት ወር ወደፊት የተገፋ ነው፤ ለጋዜጣ ሻጩ ከመደርደሪያ የሚያነሣበትን ጊዜ ያመለክተው ነበር። ስለዚህ ይህ ቁጥር ወጥቶ የተነበበው የአሜሪካው ክረምት ገና ሳይጠና ነው።

በዚህ ቁጥር ስፓይደርማን ቀይና ሰማያዊውን ልብስ ጥሎ በጥቁር ልብስ ይታያል። በራሱ ኮሚክ ላይ ጥቁሩን የለበሰው ቁጥር 252 ላይ፣ የግንቦት 1984 ዕትም ላይ ነው። ልብሱን ከየት እንዳመጣው የሚነግረው ደግሞ «ሲክሬት ዋርስ» ቁጥር 8 ሲሆን የታኅሣሥ ዕትም ነው። «ሲክሬት ዋርስ» ከአሻንጉሊት አምራቹ ማቴል ጋር በተደረገ ስምምነት የተወለደ ሥራ ነው። የልብሱ ሐሳብ የመጣው በ1982 ለድርጅቱ ከጻፈ አንድ አንባቢ ሲሆን 220 ዶላር ተከፍሎታል። ሰብሳቢዎች የጥቁሩ ልብስ «መጀመሪያ» የትኛው ነው እያሉ ይከራከራሉ። ለእኔ ክርክሩ ውኃ አያነሣም። ቁም ነገሩ ወሬው ከታሪኩ ቀድሞ መሸጡ ነው።

በ28 ዓመት የተፈጸመ ቃል

ከ«ማርቭል ኤጅ» በፊት «ፉም» ነበር። ከ1973 እስከ 1978 የቆየ የማርቭል አድናቂዎች ማኅበርና 22 ቁጥር የደረሰ መጽሔት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ያዘጋጀው ሠዓሊው ጂም ስቴራንኮ ነው። መጽሔቱ አንባቢዎች አዲስ ጀግና ፈጥረው እንዲልኩ ውድድር አወጣ። ለአሸናፊው የተሰጠው ተስፋ ፍጡሩ እውነተኛ ኮሚክ ውስጥ እንደሚገባ ነበር። «ሂዩመስ ሳፒየን» የተባለው ፍጡር አሸነፈ። ኮሚክ ውስጥ የገባው ግን በ2001 ነው! ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ «ወልቨሪን» የሚል ስም ያለው ገጸ ባሕርይ ልኮ ነበር። በ1974 ማርቭል በዚሁ ስም ያወጣው ጀግና ግን የተመዘገበው በድርጅቱ ባለሙያዎች ስም ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ስሙ ግን ታትሞ አለ።

መቀሱ የት ነው ያረፈው?

አሮጌ ቅጂ ስታነሡ በመጀመሪያ ገጾቹን የያዘው ሽቦ መዛጉን፣ ቀጥሎ የተቆረጠ ቦታ መኖሩን እዩ። በ1974 ማርቭል በኮሚኮቹ ገጽ ላይ ቴምብር መሰል ትንንሽ ሥዕሎች እያተመ ልጆች ቆርጠው እንዲያጠራቅሙ ያበረታታ ነበር። ወልቨሪን በሙሉ የታየበት «ሀልክ» ቁጥር 181 አንዱን ይዟል። ልጆቹም የተባሉትን አደረጉ። ዛሬ ያ ኮሚክ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል፤ ቴምብሩ የተቆረጠበት ግን ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል። ዋጋውን ያጎደለው የአሳታሚው ምክር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የተቆረጠው ቅጂ የበለጠ ይናገራል፤ ማስታወቂያው እንደሠራ ማረጋገጫው እሱ ነው።

የማይናገረው

ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ስለ ሙሽራው ክፉ አያወራም፤ ማስተዋወቂያ መጽሔትም እንዲሁ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከማርቭል ዓለም ፈጣሪዎች ዋናው የሆነው ጃክ ከርቢ ሥዕሎቹ እንዲመለሱለት ከድርጅቱ ጋር ሲሟገት፣ ነገሩን ተከታትሎ የጻፈው «ዘ ኮሚክስ ጆርናል» የተባለው ተቺ መጽሔት ነው። በ1987 ወደ 2 ሺህ ገደማ ገጽ ተመለሰለት፤ የሣለው ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ነው። ማስተዋወቂያ መጽሔት ስታነቡ የዚያኑ ዘመን ተቺ መጽሔት ከጎኑ አስቀምጡ።

ሰባ ሰባት በኮሚክ

እኛ በራሳችን አቆጣጠር «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» የምንለው መከራ የኮሚክ ገበያም ገብቷል። በ1985 መጨረሻ ማርቭል ኤክስመን የተባሉትን ጀግኖቹን ይዞ «ሂሮስ ፎር ሆፕ»ን አወጣ። ሐሳቡን ያቀረቡት ጂም ስታርሊንና በርኒ ራይትሰን ናቸው፤ ስቲቨን ኪንግ፣ አለን ሙርና ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ጥቂት ጥቂት ገጽ ጽፈዋል። ገቢው ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ለመሠረቱት የዕርዳታ ድርጅት ተሰጠ። በ1986 ተፎካካሪው አሳታሚ ዲሲ በበኩሉ ሱፐርማንና ባትማንን «ሂሮስ አጌንስት ሀንገር» በሚል ሥራ ኢትዮጵያ ላከ።

በጎ ፈቃዱ አይካድም። ይሁንና ልዕለ ጀግና የሚመታው ሰው ይፈልጋልና ሁለቱም ሥራዎች ክፉ ፍጡር ፈጥረውለታል። ጦርነቱና የደርግ ፖሊሲ በጡጫ አይመቱም። እነዚህን ሥራዎች በክፍል ውስጥ ሳነሣ የምሰጠው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ወረቀት የሚያናግረው ማንን ነው? መልሱ ግልጽ ነው፤ የሚገዛውን ልጅ እንጂ የተራበውን አይደለም።

የት ይገኛል?

ኦሃዮ ለዚህ ጥናት የተመቸ አገር ነው። ሱፐርማን የተፈጠረው በክሊቭላንድ ሲሆን፣ ደራሲው ጄሪ ሲግል ተማሪ ሳለ የራሱን የአድናቂዎች መጽሔት እያባዛ ይልክ ነበር። ኮሎምበስ ውስጥ ደግሞ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሰሊቫንት ሆል የቢሊ አየርላንድ የካርቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አለ። በ1977 ሠዓሊው ሚልተን ካኒፍ በለገሰው ክምችት ተጀመረ፤ ያደራጁት ሉሲ ካስዌል ናቸው። በ1998 ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣለት የአሮጌ ጋዜጣ ካርቱን ክምችት በስድስት ትላልቅ ተሳቢዎች ተጭኖ ነው የደረሰው። ሙዚየሙ በነጻ ይጎበኛል። የንባብ ክፍሉም ለማንም ክፍት ነው፤ የሚፈልጉትን አስቀድመው ካዘዙ ያወጡልዎታል።

መጽሐፉ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጣለው ማስታወቂያው ነው። ከ2018 ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣውን የኤታን ኮሚክስን «ጀምበር» የተባለ ኮሚክ የገዛችሁ፣ ፖስተር ወይም በራሪ ወረቀት ከደረሳችሁ ጀርባው ላይ ቀኑንና ያገኛችሁበትን ቦታ በእርሳስ ጽፋችሁ አስቀምጡልን።