ከወጣቶች ጋር ለመስራት ኒያ ላለው ሰው ዲግሪ ምን ያደርግለታል?



የፍሬሽማን ተማሪዎቻችን የዲፓርትመንት ምርጫ የሚሞሉበት ጊዜ ደርሷል። ሰሞኑን ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፦ «በሰፈራችን መድረሳ እናግዛለን፣ ክረምት ላይ ታናናሾቻችንን እናስጠናለን፤ ከወጣቶች ጋር መስራት እንወዳለን። ለዚህ ደግሞ ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ?» እኛ ያስፈልጋል ባዮች ነን።

ኢማም አሕመድ ከዘገቧቸው ሐዲሦች አንዱን እናስታውስ። አንድ ወጣት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ ዝሙት እንዲፈቅዱለት ጠየቀ። በቦታው የነበሩት ተቆጡት። እሳቸው ግን አቅርበው አስቀመጡት። ለእናቱ ይህን ይወድላት እንደሆነ ጠየቁት፤ ቀጥለውም ለሴት ልጁ፣ ለእህቱ፣ ለአክስቶቹ። በየተራው «አልወድም» አለ። በመጨረሻ እጃቸውን አሳርፈውበት ዱዓ አደረጉለት። (የተቆጡት ሰዎችም ኒያቸው መልካም ነበር፤ ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው።) ሐራሙ ሐራም እንደሆነ ቆየ፤ ልጁ ግን አልተባረረም፣ መልሱንም በገዛ አንደበቱ ተናገረ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የወጣቶች ሥራ ትምህርት አንዱ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው፤ ወጣቱ ሳይፈራ እንዲቀርብ ማድረግ፣ መጠየቅ፣ መልሱን መጠበቅ።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ መድረሳ መምጣት ተወ እንበል። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ይታያል። አንድ ቀን የሚያምነውን ወንድም ጠጋ ብሎ «በጅቡቲ አድርጌ በባሕር ወደ የመን ልሻገር ነው፣ ከዚያ ሳዑዲ፤ ለማንም እንዳትናገር» ይለዋል። ወንድም ምን ያድርግ? ዝም ቢል ልጁ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ለአባቱ ቢናገር አማና አጎደለ፤ ልጁ ከእንግዲህ ለማንም አይነግርም። የሰለጠነ ባለሙያ እዚህ ማጥ ውስጥ አይገባም፤ ምክንያቱም ገና ከመጀመሪያው ቀን «የምትነግረኝ ከእኔ አያልፍም፤ ያንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ግን ለሚረዳ ሰው እናገራለሁ፣ ስናገርም ቀድሜ ላንተ እነግርሃለሁ» ብሎታል። ይህ ብልጠት አይደለም፤ በክፍል የሚማሩት፣ በተግባር ልምምድ የሚፈተኑበት የሙያ ደንብ ነው።

ከዚያ በኋላ ምክር ሳይሆን ጥያቄ ይቀጥላል። የገፋው ምንድን ነው? የአባት ዕዳ ነው? ወደኋላ የቀረ ትምህርት ነው? ቀድሞ ሄዶ ገንዘብ የላከ ጓደኛ ነው? ወይስ ደላላ በየቀኑ እየደወለ ነው? መልሱ እንደየልጁ ይለያያል፤ የሚላክበትም ቦታ እንዲሁ። አንዱ ቴክኒክና ሙያ፣ ሌላው ጤና ጣቢያ፣ ሌላው ከአባቱ ጋር በሽማግሌ መነጋገር ያስፈልገዋል። ሁሉንም በአንድ ሙሐደራ እንመልስ ማለት አይሆንም። ለባለሙያው ደግሞ ከበላዩ ሆኖ ሥራውን የሚያይለት፣ የከበደውን የሚያወያየው ሰው አለ። በጎ ፈቃደኛው ብዙውን ጊዜ ይህ የለውም፤ ሸክሙን ብቻውን ይዞ ያድራል፣ በዓመቱም ደክሞት ይተወዋል።

ትምህርቱ ራሱ ምንድን ነው? የጉርምስና ሥነ ልቦና አለበት፤ ኤሪክ ኤሪክሰን የሰውን ዕድገት በ8 ደረጃ ከፍሎ 5ኛውን «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠበትን ሐሳብ ታገኙታላችሁ። ቡድን መምራት፣ ሕግ፣ መዝገብ አያያዝም አለ። መዝገብ አያያዝ አሰልቺ ነው፤ ግን ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ልጁን ከዜሮ እንዳይጀምር የሚያደርገው እሱ ነው።

በእንግሊዝ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። የግዴታ ውትድርና ሊቀር፣ የወጣቱም ቁጥር ሊጨምር ሲል በሌዲ አልበማርል የተመራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1960 ሪፖርት አቀረበ፤ በዓመቱ ሌስተር ላይ የወጣት መሪዎች ማሰልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ አዲስ የሚገባ ሰው ብቁ የወጣቶች ባለሙያ ተብሎ እንዲታወቅ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል።

በእኛ አገር በሩ በአብዛኛው ሶሻል ወርክ ነው። በአዲስ አበባ ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ ተመለሰ። ዛሬ ጎንደርን ጨምሮ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል። ወጣትን ከ15 እስከ 29 ዓመት ብሎ የተረጎመው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲም የ1996 ዓ.ም. ነው። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም ያስኬዳሉ፤ የተግባር ልምምዱ ግን ሶሻል ወርክ ላይ ይበረታል። በግቢያችን «ነጥብ ያነሰው የሚመደብበት» እየተባለ ሲናቅ እንሰማለን፤ አንስማማም። ደሞዙ የሚያኩራራ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ እወቁት።

እህቶቻችንን ለይተን የምንጠይቀው አለ። ወደ ብዙዎቹ የወጣት ማዕከላት ብትሄዱ ፑልና ከረንቡላውን ወንዶች ከበውት ታገኛላችሁ። ታዳጊ ሴት ልጅ የቤቷን ጭንቀት ለወንድ ባለሙያ ትዘረግፋለች ብሎ መጠበቅ ይከብዳል፤ ቤተሰቧም ላይፈቅድ ይችላል። እዚያ ሴት ባለሙያ ከሌለች ልጅቷ የምትሄድበት የላትም።

ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለውን የወጣት ማዕከል አንድ ሁለት ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ እዩት። የሦስተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪዎቻችን ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በጀመዓው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ስለ ኮርሶቹም ሆነ ስለ ልምምዱ ያሻችሁን ጠይቋቸው፣ ኢንሻአላህ።