አንጀትና ሳንባ፤ በአስረጂ ድርሰት ውስጥ የግሥ አመራረጥ

በሰባተኛ በኩል ወደ መርካቶ የሚገባ ሰው ገበያውን ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ቀድሞ ያውቀዋል። የበርበሬው ብናኝ ያስነጥሰዋል፤ ጀበና በተጣደበት ከሰል አጠገብ ሲያልፍም ጢሱ ጉሮሮውን ይከረክረዋል። ይህ አላፊ ነው። ለብዙ ዓመታት ሲጋራ ያጨሰ ወይም በጠባብ ማድ ቤት የማገዶ ጢስ ሲምግ የኖረ ሰው ግን የሳንባው የአየር ቧንቧዎች እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ሳሉ፣ አክታውና የትንፋሹ ማጠር የዘወትር ይሆናሉ። ይህ ሥር የሰደደ በሽታ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰዎችን እንደ ገደለ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል።

አሁን ከሳንባ ወደ አንጀት እንውረድ። በወፍራሙ አንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። ሰውነታችን ሊፈጨው ያልቻለውን የምስር፣ የሽንብራ፣ የጎመንና የጤፍ አሰር እነርሱ ያብላሉታል። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ያያችሁ እንደ ሆነ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። ከሚብላላው አሰር የስብ አሲዶች ይገኛሉ፤ ከነዚህም ከፊሉ ወደ ደም ገብቶ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዳይቆጡ ያደርጋል።

በ2014 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ አገር በሎዛን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለአይጦች አሰር የበዛበት ምግብ ቢመግቧቸው አስም መሰሉ የሳንባ መቆጣት ቀለለላቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውስትራሊያ የ28 የአየር ቧንቧ ጥበት ሕመምተኞችና የ29 ጤነኞች ዓይነ ምድር ሲመረመር የሁለቱ ወገኖች የአንጀት ተሕዋስያን ተለያይተው ተገኙ።

ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብትባሉ አንዳንዶቻችሁ «የአንጀት ተሕዋስያን መለወጥ ሳንባን ያሳምማል» ትሉ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። «ያሳምማል» አስደራጊ ግሥ ነው፤ ጥፋተኛውን ለይቶ ይከሳል። የአውስትራሊያው ምርመራ ግን የትኛው የትኛውን እንደ ለወጠ አላሳየም። በሽታው ራሱ፣ ሲጋራው ወይም ሕመምተኛው የወሰደው መድኃኒት ተሕዋስያኑን ለውጧቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚስማማው ተደራራጊው ግሥ ነው፤ «ይዛመዳሉ»፣ «ይያያዛሉ»። የአይጦቹ ነገር ሌላ ነው። ምግቡን የለወጡት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ስለ ሆኑ «አሰሩ የአይጦቹን የሳንባ ቁጣ አበረደ» ብትሉ የሚከስሳችሁ የለም። «የአይጦቹን» ሰርዛችሁ «የሰውን» ካላችሁ ግን ያላያችሁትን መመስከራችሁ ነው፤ በዚያ ላይ የአይጦቹ ሕመም የአየር ቧንቧ ጥበት አልነበረም።

የግሡ ስሕተት ከደብተር ወጥቶ ሰው ይጎዳል። አንድ አጫሽ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ «ጥፋቱ የአንጀት ከሆነ ምስር እየበላሁ ባጨስ ምን አለበት?» ቢል በምን ትመልሱለታላችሁ? ሲጋራና የማገዶ ጢስ የአየር ቧንቧን እንደሚያጠብቡ በብዙ ምርመራ የተረጋገጠ ነው፤ በነርሱ ላይ አድራጊውን ግሥ ሳትፈሩ ጻፉ።

መልመጃ

1. «አጠበበ»፣ «ተዛመደ»፣ «አሳመመ» የተባሉት ግሦች ከየትኞቹ አዕማድ እንደ ሆኑ ለዩ።

2. «ጎመን የበላ ሰው ሳንባው አይታመምም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማስረጃው በሚፈቅደው መጠን አርማችሁ ጻፉ።

3. በቤታችሁ ማድ ቤት ጢሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ተመልክታችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ በአድራጊ ግሦቹም ሥር አስምሩ።