ስለ ደብር ደን አጠባበቅ

በደብረ ኤልያስና በቀረውም የጎጃም ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ መሆኑን የማያውቅ ሹም የለም። ነገር ግን ጽዱና ወይራው ሲያረጅ የሚተካው ቡቃያ መኖሩን ጎንበስ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ከብት በሚገባበት ደን ዘሩ ይበቅላል፥ ቡቃያው ግን ተረግጦና ተግጦ ያልቃል። ባሕር ዛፍ ቢተከልበትም ይህን ጉድለት አይሞላም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ጎንደር የዛራ ምእመናን፥ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እየመከሩዋቸው፥ ከእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው ደናቸውን በካብ አጠሩ። ማሳው ለማረስ ቀለለ፥ ከካቡም ውስጥ ቡቃያ ተነሣ።

እንግዲህ ወሰኑን ካህናቱና ባላገሩ ተስማምተው ይትከሉ። ሹሙም ካቡ ሳይጀመር አስቀድሞ ለከብቱ ሌላ ማሰማሪያ ያሳይ፤ ማሰማሪያ ያጣ ባላገር ካቡን ማፍረሱ አይቀርምና።