ከጽዳት በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር

የሱቁ አሮጌ ኮምፒውተር አቧራው ተጠርጎለት አልነሳ ሲል ብዙ ነጋዴ «ተቃጠለ» ብሎ ይደመድማል፤ በርካሽ ሸጦም አዲስ ይገዛል። ይሁን እንጂ ከጽዳት በኋላ የሚመጣ ብልሽት ብዙ ጊዜ ከቦታው የተነቃነቀ ዕቃ ነው።

በመጀመሪያ ገመዱ ከሶኬት ይነቀልና የማስነሻው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ይቆያል፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። እርጥብ ጨርቅ ነክቶት ከሆነ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይሰካም። ከኋላው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑ ይታይ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት በመሆኑ በ115 መሰካት ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥላል።

ቀጥሎ ሜሞሪው ተነቅሎ ወርቃማ ጥርሱ በንጹሕ ላጲስ ይታሻል፤ ፍርፋሪው ተራግፎም ቀጭ እስኪል ወደ ቦታው ይመለሳል። ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡት የኤሌክትሪክ ገመዶችም ጠበቅ ይደረጋሉ።

ይህም ካልሠራ ባለሙያ ይጠራ። ፓወር ሰፕላዩ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ማንም በራሱ ሊከፍተው አይገባም።

ማሽኑ ቢሞት እንኳ የዱቤ መዝገቡ ያለው ሀርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ ዲስኩ ደኅና ከሆነ በሌላ ኮምፒውተር ይነበባል። አሮጌውን ከነሀርድ ዲስኩ የሸጠ ነጋዴ የባለዕዳዎቹን ስም አብሮ ሸጧል።