ሁለት ኦፊስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ



በዛሬው ትምህርታችን የመመረቂያ ጽሑፍ ለምናዘጋጅ ሁሉ የሚጠቅም ጉዳይ እናነሳለን። አንዲት እህታችን ለእረፍት ገለምሶ ቤተሰቧ ዘንድ ሳለች የጥናቷን ሁለት ምዕራፎች ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ኦፊስ 2007 ባለው ኮምፒውተር አስጻፈች እንበል። ጭሮ ተመልሳ ግቢ ውስጥ በኦፊስ 2016 ስትከፍተው ሠንጠረዡ ተዛብቷል፤ አማርኛው ደግሞ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኗል። ማስረከቢያው ደርሷል። ምን ታድርግ?

በመጀመሪያ ሁለቱን ችግሮች እንለያቸው። የአማርኛው መበላሸት ከኦፊስ ቨርዥን ጋር አይገናኝም፤ የፎንት ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ዛሬም የሚጠቀምባቸው አለ። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ላቲኑ ብቻ ነው። መፍትሔው ፎንቱን መጫን፣ ወይም ጽሑፉን ከመጀመሪያው እንደ ኒያላ ባለ የዩኒኮድ ፎንት ማስጻፍ ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ይህ አያጋጥመውም።

የሠንጠረዡ መዛባት ግን የቨርዥን ልዩነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ኦፊስ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ማኖር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. አሮጌውን አስቀድመን፣ አዲሱን አስከትለን እንጭናለን። አዲሱ ቀድሞ ካለ እሱን አጥፍተን ከአሮጌው እንጀምራለን።

2. ሁለቱም እኩል ቢት መሆን አለባቸው። ኦፊስ 2007 ባለ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ አዲሱም ባለ 32 ቢት ይሁን።

3. ጫኚው «አፕግሬድ» ወይስ «ከስተማይዝ» ብሎ ከጠየቀ «ከስተማይዝ» ብለን የቀድሞው እንዲቆይ እናዛለን። «አፕግሬድ» ካልን አሮጌው ይጠፋል።

4. ፋይል በሁለት ክሊክ ስንከፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው መጨረሻ የተጫነው ነው። ሌላውን ከፈለግን መጀመሪያ ወርዱን ከፍተን ፋይሉን ከውስጥ እንጠራዋለን።

አውትሉክ ግን ሁለት ቨርዥን ጎን ለጎን አይቀበልም። ደግሞም ማይክሮሶፍት ለኦፊስ 2007 የሚሰጠውን የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 አቁሟል። ስለዚህ ከማናውቀው ፍላሽ የመጣ ፋይል በእሱ መክፈት አይመከርም።

ፈቃድ ያለው ሁለተኛ ኦፊስ የሌለን ሊብሬኦፊስን እንጫን። ነጻ ነው፣ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋርም ሳይጋጭ አብሮ ይኖራል። የገጽ አቀማመጥ ሊያዛባ ስለሚችል ግን የመጨረሻውን እርማት በአንድ ቨርዥን ብቻ እንጨርስ።

ለእህታችን መልሱ ይኸው ነው፦ ፎንቱን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በፍላሽ ታስመጣ፤ ሠንጠረዡን በ2007 ከፍታ ትክክለኛውን ቅርጽ ትይ፤ በ2016 ታስተካክል፤ ለአማካሪዋና ለኅትመት ደግሞ በፒዲኤፍ ታስቀምጥ። ፒዲኤፍ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቅርጹን አይለውጥም።

መጫኑ የከበዳችሁ፣ ማስረከቢያው ሳይደርስ ከወዲሁ ከሚያውቅ ጓደኛ ጋር ተቀምጣችሁ ጨርሱት።