ሕዋስ እንደ ስንቁ መጠን ጂኖቹን ስለሚያሠራበትና ስለሚያሳርፍበት ሥርዓት

በየመንደሩ ለምታስተምሩ መምህራንና ይህን ጽሕፈት ለምታነቡ ሽማግሌዎች፥ ይህ ትምህርት የተጻፈው አንድ የቆየ ጥያቄ ለመፍታት ነው። ጥያቄውም፥ ምግብ የፍጥረትን ዘር ይለውጣልን? የሚል ነው። ብዙ ሰዎች፥ ሕዋስ አዲስ ምግብ ባገኘ ጊዜ ያን ምግብ የሚፈጭበትን ጠባይ ከምግቡ ይቀበላል ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ሕዋስ ማለት የሕያዋን ሁሉ አካል የታነጸበት፥ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ክፍል ነው። ጂን ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ፥ ዲ ኤን ኤ በሚባል ረጅም ክር ላይ እንደ ጽሕፈት ተጽፎ የሚኖር ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲነበብ ፕሮቲን ይሠራበታል፤ ካልተነበበ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። በቤተ ክርስቲያን የተማረ ሰው ይህን በግጻዌ ምሳሌ ፈጥኖ ያስተውለዋል፤ መጻሕፍቱ ሁሉ በዕቃ ቤት አሉ፥ የሚነበበው ክፍል ግን እንደ ዕለቱ ይለያያል።

ሁሉ ባንድ ጊዜ የማይነበብበት ምክንያት ወጪው ከባድ ስለ ሆነ ነው። ለምሳሌ በሰው አንጀት የሚኖረውን፥ ኤሼሪኪያ ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ እንመልከት። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ ክፍል ሁለቱን ያህል ሲሆን ከ4000 በላይ ጂኖች አሉት። ከነዚህ አንዱ የወተትን ስኳር፥ ማለት ላክቶስን፥ ለሁለት የሚቆርጠውን ኤንዛይም ያሠራል። ይህ ኤንዛይም አራት ሰንሰለት ተጣምሮ የሚቆም ነው፤ በያንዳንዱም ሰንሰለት ከ1000 በላይ አሚኖ አሲዶች ተቀጣጥለዋል። አንዱን አሚኖ አሲድ ለመቀጠል፥ ሕዋስ ለሥራው ሁሉ ከሚያወጣው ኤ ቲ ፒ ከሚባለው ስንቅ ቢያንስ የአራቱን ያህል ኃይል ይፈጃል። እንግዲህ ለአንድ ኤንዛይም ብቻ ከ16000 በላይ ይወጣል ማለት ነው። ወተት በሌለበት ይህን የሚያባክን ባክቴሪያ፥ ቆጣቢዎቹ ጎረቤቶቹ በመራባት ይቀድሙታል።

ነገሩ መገለጥ የጀመረው በ1941 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት አገራችን ከኢጣልያ ወረራ ነጻ ስትወጣ ፓሪስ ገና በጀርመን ጦር እጅ ነበረች። ዣክ ሞኖ የተባለው ፈረንሳዊ፥ ኋላም ከአገሩ አርበኞች ጋር የተሰለፈው፥ በዚያው በፓሪስ ለዶክተርነት ማዕርግ ባቀረበው ድርሰት፥ ባክቴሪያ ሁለት ዓይነት ስኳር ባንድ ዕቃ ሲሰጠው እንዴት እንደሚራባ ጻፈ። በማርና በወይን ፍሬ የሚገኘው ግሉኮስ ከወተት ስኳር ጋር ቢቀርብለት ባክቴሪያው አስቀድሞ ግሉኮሱን ብቻ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ መራባቱ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ ቀጥሎም በወተቱ ስኳር እንደ ገና ይራባል። መምህሩ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ቢሥለው መልካም ነው፤ አንድ ዳገት፥ ከዚያ ሜዳ፥ ከዚያም ሌላ ዳገት ይሆናል። የትምህርቱ ምሥጢር ያለው በሜዳው ላይ ነው፤ ባክቴሪያው አዲሱን ኤንዛይም የሚሠራበት ጊዜ ይህ ነውና።

ኤንዛይሙን ምግቡ ራሱ ቀርጾት ይሆን? ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀ። ወተት ኖረም አልኖረም ኤንዛይሙን ሳያቋርጡ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ተገኙ። በ1959 ዓ.ም. ፓርዲ፥ ዣኮብና ሞኖ ከደኅነኛው ባክቴሪያ ጂኖችን ወደ እነዚህ ዓይነት፥ ነገር ግን ኤንዛይሙን የሚያሠራው ጂናቸው ወደ ተበላሸ ባክቴሪያዎች አስገቡ። በመጀመሪያ ኤንዛይሙ ተሠራ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የወተት ስኳር ስለሌለ ሥራው ቆመ። ከዚህም የተነሣ፥ ከጂኖቹ አንዱ ከልካይ የሆነ ነገር እንደሚያሠራ ታወቀ። ዣኮብና ሞኖ ሥርዓቱን በ1961 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ከአንድሬ ልዎፍ ጋርም በ1965 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሥርዓቱ ይህ ነው። ከልካዩ ፕሮቲን በጂኑ መነሻ ላይ ተጣብቆ ንባቡን ይዘጋል፥ እንደ በር መወርወሪያ ማለት ነው። የወተት ስኳር ሲገባ ከእርሱ የሚገኝ ሌላ ስኳር ከከልካዩ ጋር ይያያዛል፤ ያን ጊዜ ከልካዩ ቅርጹ ተለውጦ ክሩን ይለቅቃል። ነገር ግን መወርወሪያው መነሣቱ ብቻ አይበቃም። ግሉኮስ ሲያልቅ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ ኤም ፒ የሚባል ነገር ይበዛል፤ እርሱም ከአንድ ረዳት ፕሮቲን ጋር ሆኖ ንባቡን ያፋጥናል። ደግሞም ግሉኮስ በመግባት ላይ ሳለ የወተት ስኳር የሚገባበትን በር ይዘጋዋል። በብዙ መጻሕፍት ሁሉን ነገር ለሳይክሊክ ኤ ኤም ፒ ሰጥተው ይጽፋሉ፤ ኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ግሉኮስ በማስቀደሙ ነገር ዋናውን ሥራ የሚሠራው የበሩ መዘጋት መሆኑን አሳይቷል።

ብልህ ተማሪ፥ በሩን የሚሠራው ጂን ራሱ ከተዘጋ የወተት ስኳር መጀመሪያ በየት ይገባል? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱም፥ ከልካዩ አንዳንድ ጊዜ ክሩን ለቅጽበት ስለሚለቅቅ ጥቂት በርና ጥቂት ኤንዛይም ምን ጊዜም አይታጡም የሚል ነው። ያ ጥቂቱ ወተቱን ቢያገኝ ኤንዛይሙ እስከ ሺህ እጥፍ ይበዛል።

በማስተማር ጊዜ ባክቴሪያው አሰበ፥ መረጠ፥ ቆጠበ እያሉ መናገር ቋንቋን ያቀልላል፤ ሆኖም መምህሩ ይህ አነጋገር ብቻ እንደ ሆነ ማስጠንቀቅ ይገባዋል። የሚያስብ የለም፤ የሚያያዝና የሚለቅቅ ነገር ነው ያለው። ወተቱ በቀረ ጊዜም የባክቴሪያው ልጆች ኤንዛይሙን መሥራት ይተዋሉ፤ ጂኑ ግን እንዳለ ይወርሳቸዋል።

በሰው አካልም ተመሳሳይ ነገር አለ፥ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ሰው ጾሞ ሲውል በጉበቱ የተከማቸው ስኳር እየጎደለ ይሄዳል፤ ቆሽትም ግሉካጎን የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይልካል። ያን ጊዜ በጉበት ሕዋስ ውስጥ ያው ሳይክሊክ ኤ ኤም ፒ ይበዛል፤ እርሱንም አስቀድሞ በጉበት ምርመራ ያገኘው አሜሪካዊው ኤርል ሰዘርላንድ ስለዚህ ሥራው በ1971 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከዚህ የተነሣ አዲስ ግሉኮስ የሚያሠሩ ጂኖች ይነበባሉ፥ አንጎልም ስንቁን አያጣም። ምግብ ከተበላ በኋላ ግን ኢንሱሊን ይመጣና የነዚህን ጂኖች ንባብ ይቀንሰዋል።