በኤምጂቢ የስፖርት መኪና የማሳ ብልሽትን ከረንት እያለፈ መለካት

ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተመረተው ኤምጂቢ አልነሳ ሲል ጥርጣሬው ብዙውን ጊዜ በካርቡራቶሩ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ግን ያለ ልኬት የሚሰጥ ፍርድ ነው። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ከመኪናው አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ነው። የገመዱ ጫፎች ከዛጉ የሞተሪኖው ከፍተኛ ከረንት ሌላ መመለሻ ፈልጎ በቾክ ወይም በነዳጅ መስጫ ሽቦ በኩል ያልፋል፤ ሽቦው ሲግል፣ ሲከፋም ሲጨስ ይታያል።

ኦም ሜትር እዚህ ያሳስታል፤ የሚልከው ከረንት እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ጥቂት ክሮች ብቻ የቀሩትን ገመድ እንኳ ጤነኛ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ በሞተሩ ብረትና በባትሪው የማሳ ጫፍ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ይለካል። ከ0.5 ቮልት በላይ ከተነበበ ልኬቱ በየመገጣጠሚያው ይደገማል። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት መኪኖች ማሳቸው ፖዘቲቭ ስለሆነ የመለኪያው ሽቦዎች ይገላበጣሉ።